«ጎበዝ ነሽ» እያልኳት ፈተናዋን ለምን ደበቀችኝ?

የዚህ ወር ደብዳቤዎቻችሁ በአብዛኛው ስለ ትምህርት ናቸው። ውጤት ወረደ፣ ልጁ ሰነፈ፣ ልጅቷ ደብተር ማየት አስጠላት... የተወሰኑትን መርጬ እመልሳለሁ። የመጀመሪያው መልስ ይረዝማል፤ የእናትየዋ ጥያቄ የብዙዎቻችሁ ስለሆነ ነው። አምዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታነቡ፦ እኔ ሒሳብ አስተማሪ የነበርኩ፣ አሁን ተማሪዎችን የማማክር ሰው ነኝ። ምሳሌዬ ሁሉ ወደ ቁጥር ካጋደለ የድሮ አመል ነውና ቻሉኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቷ ነው፤ 7ኛ ክፍል ናት። እስከ 4ኛ ክፍል ደህና ነበረች። አሁን ሒሳብ ላይ ወድቃለች። በፊት እቆጣት ነበር። ስለ ፖዘቲቭ ሳይኮሎጂ ካነበብኩ በኋላ ግን ቁጣውን ትቼ ማበረታታት ጀመርኩ። ጠዋት ማታ «ጎበዝ ነሽ፣ ጭንቅላት አለሽ፣ ትችያለሽ» እላታለሁ። ሰሞኑን ቦርሳዋ ውስጥ ተጣጥፎ የተደበቀ የፈተና ወረቀት አገኘሁ። ከ20 5 ነው። ስጠይቃት «እኔ ሒሳብ አይገባኝም፤ አንቺ ዝም ብለሽ ነው ጎበዝ የምትይኝ» ብላኝ አለቀሰች። ማበረታታቱ ነው ያበላሻት? ወደ ቁጣዬ ልመለስ እንዴ? የወረቀቱን ፎቶ አያይዣለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ወደ ቁጣው አትመለሺ። «ጎበዝ ነሽ»ን ግን ለጊዜው አስቀምጪው።

ነገሩን በልጅሽ ቦታ ሆነሽ እዪው። አንቺ «ጎበዝ» ትያታለሽ፤ ወረቀቱ «ከ20 5» ይላል። ከሁለት አንዳችሁ ተሳስታችኋል ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ቀይ እስክሪብቶና የመምህር ፊርማ አለ። አንቺ ደግሞ እናቷ ነሽ፤ ስለምትወጃት ነው የምትያት። ስለዚህ ወረቀቱን አመነች። በዚህም አያበቃም። «ጎበዝ» መባል ደስ ይላል፤ ማንም እንዲነጠቅ አይፈልግም። ስሙን የሚያስነጥቅ ወረቀት ሲመጣ ደብቆ መገላገል ነው።

ይሄ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 ባሳተሙት ጥናት ለ5ኛ ክፍል ልጆች እንቆቅልሽ መሰል ጥያቄዎች ሰጡ። ልጆቹ ደህና ሠሩ። ከዚያ አንዳንዶቹን ስለ ብልህነታቸው፣ ሌሎቹን ስለ ጥረታቸው አመሰገኗቸው። ቀጥሎ ከባድ ጥያቄ መጣና ሁሉም ተሰናከሉ። በመጨረሻ እንደ መጀመሪያው ያለ ጥያቄ ተሰጣቸው። ብልህ የተባሉት ከመጀመሪያው ያነሰ ሠሩ። ጥረታቸው የተመሰገነላቸው ደግሞ አሻሻሉ። ልጆቹ ስንት እንዳገኙ ለማያውቁት ልጅ እንዲጽፉ ሲጠየቁ፣ ብልህ ከተባሉት ከ10 ወደ 4 የሚጠጉት ውጤታቸውን ከፍ አድርገው ጻፉ። ለማያውቁት ልጅ እኮ ነው! ለእናትማ እንዴት አይደበቅ?

አሁን ወዳነበብሽው ነገር ልምጣ። ፖዘቲቭ ሳይኮሎጂ ሲባል «ሁሌ ፈገግ በል» የሚል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ማርቲን ሴሊግማን በ1998 የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ሐሳቡን ሲያራምድ ያለው ሌላ ነው። የሰውን ሕመም ብቻ ሳይሆን ሰውን የሚያጠነክረውንም በሳይንስ እናጥና ነው ያለው። ራሱ ሴሊግማን የጀመረው ከደስታ አልነበረም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከስቲቨን ማየር ጋር በውሾች ላይ ሙከራ አደረገ። ምንም ቢያደርጉ የማያስቆሙት የኤሌክትሪክ ንዝረት የደረሰባቸው ውሾች፣ በኋላ ዝቅ ያለ አጥር ዘለው ማምለጥ ሲችሉ እንኳ ብዙዎቹ ተኝተው ንዝረቱን ቻሉት። «ምንም ባደርግ ለውጥ የለውም» የሚለውን ተምረው ነው ተባለ። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ2016 ይህን ራሳቸው ገለበጡት። መከራ ሲደጋገም እጅ መስጠት በተፈጥሮ የሚመጣ ነው፤ ትምህርት የሚፈልገው «የማደርገው ነገር ለውጥ ያመጣል» የሚለው ነው አሉ። እኔ ከመስኩ ሁሉ አጥብቄ የምይዘው ይህን ነው። ልጅሽ ተስፋ መቁረጥን አልተማረችም። የምታደርገው ነገር ለውጥ እንደሚያመጣ ሒሳብ ላይ ገና አላየችም። ይሄን ደግሞ በንግግር ማሳመን አይቻልም፤ ማሳየት ነው።

ታዲያ ቀላል ቀላሉን እየሰጠሁ ሁሉንም ታግኝ ልበል ወይ ትይኝ ይሆናል። ድዌክ ይህንንም በ1975 ሞክራዋለች። ሒሳብ ላይ ሲሳሳቱ ወዲያው እጅ የሚሰጡ 12 ልጆችን ለሁለት ከፈለች። አንደኛው ቡድን እንዲሳካለት ብቻ ተደረገ። ሁለተኛው አልፎ አልፎ እንዲሳሳት ይደረግና፣ ስህተቱ ከጥረት ማነስ እንደመጣ ይነገረው ነበር። በኋላ ከባድ ጥያቄ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ እንደ ድሮው ተዝለፈለፉ። ሁለተኛዎቹ ቆሙ። እኔ በዚህ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ። «ጥረት አንሶሽ ነው» ብቻውን አይበቃም፤ የት ጋ እንደምትጥር የማታውቅ ልጅ በባዶ ትደክማለች።

እስቲ የላክሽልኝን ወረቀት አብረን እንየው። 4ኛው ጥያቄ 2/3 ሲደመር 1/4 ነው። ልጅሽ 3/7 ብላለች። 6ኛውንና 7ኛውንም በዚሁ መንገድ ነው የሠራችው። ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምራለች። 2ኛው ጥያቄ ላይ ግን ታህቶቹ አንድ ዓይነት ነበሩና በትክክል ሠርታዋለች። እንግዲህ መምህሩ በሦስት ቦታ ኤክስ ያደረገባት አንዲት ስህተት ናት። ሒሳብ የማይገባው ሰው እንዲህ በሥርዓት አይሳሳትም፤ ይዘባርቃል እንጂ። ልጅሽ ሕግ አላት። ሕጉ ነው የተበላሸው።

ቁጭ በሉና ሁለት እኩል የወረቀት ቁራጮች ቅደዱ። አንዱን ሦስት ቦታ አጥፋችሁ ሁለቱን ቀለም ቀቡ፤ 2/3 ነው። ሌላውን ሰባት ቦታ ከፋፍላችሁ ሦስቱን ቀቡ፤ 3/7 ነው። ሰባቱ በማጠፍ አስቸጋሪ ነው፣ በማስመሪያ ይሁን። ከዚያ «የትኛው ይበልጣል?» በያት። ዝም ብለሽ ጠብቂ። 2/3 ላይ ጨምራ ከ2/3 ያነሰ እንዳገኘች በዓይኗ ታየዋለች። «ተሳስተሻል» ማለት የለብሽም። ቀጥሎ ሁለቱንም በ12 ታህት ጻፉ፤ 8/12 እና 3/12፣ ሲደመሩ 11/12። ሌላ ተመሳሳይ ጥያቄ ስትሰጪያት ታህቱን ካመሳሰለች፣ እንዲህ በያት፦ «መጀመሪያ ታህቶቹን አመሳሰልሽ፤ ፈተናው ላይ ይሄን አላደረግሽም ነበር።» አውቃለሁ፣ ደረቅ ሙገሳ ነው። ግን ልትክደው አትችልም፤ ወረቀቱ ፊቷ ነው።

መጠኑንም አሳንሺው። አልበርት ባንዱራና ዴል ሹንክ በ1981 መቀነስ ለማይችሉና ሒሳብ ለሚያስጠላቸው ልጆች 42 ገጽ መልመጃ ሰጡ። አንዳንዶቹ በየክፍለ ጊዜው ቢያንስ 6 ገጽ እንዲሠሩ ተነገራቸው፤ ሌሎቹ 42ቱንም እስከ መጨረሻው እንዲጨርሱ። ሥራው ያው ነው። 6 ገጽ የተባሉት ግን በውጤትም፣ በራስ መተማመንም፣ ሒሳብን በመውደድም በለጡ። አንቺም «ምዕራፉን ጨርሺ» አትበያት። «ዛሬ አራት ጥያቄ፣ ከዚያ ይበቃል» በያት። አራቱ ሲያልቁ በእውነት ይብቃ። ደስ ብሏት ስለጨረሰች አራት ሌላ ከጨመርሽ፣ ነገ እየተጎተተች ነው የምትሠራው።

የመደበቁን ነገር አንዴ ብቻ አንሺው። «ወረቀት ስታመጪ አልቆጣም፤ አብረን እናየዋለን» በያት። ከዚያ ቀጣዩ መጥፎ ወረቀት ሲመጣ ፊትሽን ተቆጣጠሪ። ልጆች ቃላችንን ከመስማታቸው በፊት ፊታችንን ያነባሉ።

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል መምህር ነኝ። ሥልጠና ላይ «ተማሪዎች በየቀኑ 3 መልካም ነገር ይጻፉ፤ ውጤታቸው ይሻሻላል» ተባልን። ጎበዞቹ ይጽፋሉ፤ ደካማዎቹ ይስቁብኛል። በአንድ ክፍል 60 ተማሪ ይዤ ሌላ ምን ላድርግ?

መልስ፦ መምህር፣ ሳቃቸውን አልፈርድበትም። ሦስቱ መልካም ነገሮች የሚባለው ልምምድ የታወቀው ሴሊግማንና ባልደረቦቹ በ2005 ባሳተሙት ጥናት ነው። በበይነ መረብ በፈቃዳቸው የተመዘገቡ አዋቂዎች ላይ ነው የተሞከረው። የተለካው ደስታና ድባቴ ነው፤ የፈተና ውጤት አልነበረም። መጥፎ ልምምድ አይደለም፤ የሚወደው ይጻፍ። የአልጀብራ መድኃኒት ነው ብሎ የሸጠላችሁ ግን አታሏችኋል።

እኔ ብሆን ጉልበቴን የማውለው ወረቀት ስታርም በምትጽፋት አንዲት መስመር ላይ ነው። ዴቪድ ዬገርና ባልደረቦቹ በ2014 ባሳተሙት ሥራ የአሜሪካ 7ኛ ክፍል ተማሪዎች ድርሰት ጻፉ፤ መምህሮቻቸውም እንደ ልማዳቸው አረሙት። ለግማሾቹ ተማሪዎች አንዲት ብጣሽ ወረቀት ተያያዘችላቸው። «ይህን አስተያየት የምሰጥህ ከአንተ ብዙ ስለምጠብቅና ልትደርስበት እንደምትችል ስለማውቅ ነው» ትላለች በግርድፉ። ሌሎቹ «ይህ ለሥራህ የተሰጠ አስተያየት ነው» የምትል ተራ ማስታወሻ ደረሳቸው። ከጥቁር ተማሪዎች መካከል፣ ተራው ማስታወሻ ከደረሳቸው ድርሰቱን አስተካክለው የመለሱት 17 በመቶ ነበሩ። የመጀመሪያዋ የደረሳቸው ግን ወደ 70 በመቶ። ለውጡ የበረታው ትምህርት ቤታቸውን በማያምኑት ላይ ነው። ያንተ ሳቂዎችም ምናልባት እነሱ ናቸው።

ብጣሿ ብቻዋን ግን ዋጋ የላትም። ከሥሯ እውነተኛ እርማት አለ። «ከፍ ያለ ነገር እጠብቃለሁ»፣ «ትደርስበታለህ»፣ «የጎደለህ ይሄ ነው»፤ ሦስቱ አንድ ላይ ናቸው። ሦስተኛው ከሌለ ባዶ ጭብጨባ ነው። ለ60ውም በየሳምንቱ ጻፍ አልልህም፤ ሰው ነህ። በአንድ ዙር አሥር ወረቀት ምረጥና ለእነሱ ጻፍ፤ በሚቀጥለው ሌሎች አሥር።

«አእምሮ በልምምድ ያድጋል» የሚለውን ትምህርት በተመለከተም ብዙ ይወራል። ትልቁ ጥናት በ2019 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጥቷል። 12,000 ገደማ የአሜሪካ 9ኛ ክፍል ተማሪዎች ከአንድ ሰዓት ያነሰ የኮምፒውተር ትምህርት ተሰጣቸው። ዝቅተኛ ውጤት የነበራቸው ተማሪዎች፣ ከ4 የሚታሰበው አማካይ ነጥባቸው በ0.1 ገደማ ጨመረ። ትንሽ ናት። አንድ ሰዓት ላልሞላ ሥራ ግን አትናቅም። ደግሞም ይበልጥ የሠራው፣ ከባድ ጥያቄ መሞከር በጓደኞች ዘንድ የማያሳፍርባቸው ትምህርት ቤቶች ውስጥ ነው። ስለዚህ «አእምሮ ያድጋል» የሚል ፖስተር ከመለጠፍህ በፊት ክፍልህ ውስጥ ተሳስቶ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የቆመ ልጅ ምን እንደሚደርስበት ተመልከት።

ከፖዘቲቭ ሳይኮሎጂ ለክፍልህ የምወድልህ አንድ ነገር ቢኖር የጥንካሬ ጉዳይ ነው። ክሪስቶፈር ፒተርሰንና ሴሊግማን በ2004 24 የባሕርይ ጥንካሬዎችን ዘርዝረዋል። ዝርዝሩን ማስጠናት አያስፈልግም፤ ልጁ ያለውን ጥንካሬ ለትምህርቱ ማዋል ነው። አንድ የማማክረው ልጅ ለጥናት ፕሮግራም ማውጣት አልችልም ይለኝ ነበር። የክፍላቸውን የኳስ ቡድኖች ግጥሚያ የሚደለድለው ግን እሱ ነው። ማን ከማን፣ ስንት ሰዓት፣ ሜዳው መቼ ባዶ ነው፣ ሁሉንም በቃሉ ያውቃል። «እስቲ እንዴት እንደምትደለድል አሳየኝ» አልኩት። ካሳየኝ በኋላ በቡድኖቹ ስም ቦታ የትምህርት ዓይነቶቹን ጻፍን። ፊዚክስ ከኬሚስትሪ ጋር ተጋጠመ፤ እየሳቀ ሠራው።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ከክፍሌ 1ኛ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመጀመሪያው ሚድ ላይ ከ30 9 አመጣሁ። ጓደኞቼ «ፖዘቲቭ አስብ» ይሉኛል። ማታ ማታ ጋውን ለብሼ ስመረቅ በዓይነ ልቦናዬ አያለሁ። ጠዋት ግን ደብተር መክፈት ያስጠላኛል። ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማታ ተመርቀህ ታድራለህ፤ ጠዋት ምን ልትሠራ ትነሳለህ? ቀልዴን አይደለም። ጋብሪየለ ኦቲንገን የተባለች ጀርመናዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን ጉዳይ ለብዙ ዓመታት አጥንታዋለች። ከባልደረባዋ ጋር በ2002 ባሳተመችው ሥራ፣ ሥራ ስለማግኘት ይበልጥ ጣፋጭ ሕልም የሚያልሙ ምሩቃን ያገኙት የሥራ ዕድልም ደመወዝም ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ሕልሙ ጉልበቱን ቀድሞ ይበላዋል። እሷ የምትመክረው ምኞቱን ካሰብክ በኋላ ወዲያው እንቅፋቱን እንድታስብ ነው። ውጭ ያለውን ሳይሆን አንተ ውስጥ ያለውን እንቅፋት። ከዚያ «ያ ሲመጣ ይሄን አደርጋለሁ» ብለህ ትወስናለህ። ያንተ ይመስለኛል እንዲህ ነው፦ ደብተሩን ስትከፍት ከ30 9ኙ ትዝ ይልሃል፣ ታፍራለህ፣ ስልክህን ታነሳለህ። እንግዲያው ውሳኔህ «እጄ ወደ ስልኩ ሲሄድ ስልኩን ዶርም ትቼ ቤተ መጻሕፍት እገባለሁ» ሊሆን ይችላል። ትንሽና ቁርጥ ያለ ይሁን።

ስለ 9ኙ ደግሞ ይህን ስማ። ቲሞቲ ዊልሰንና ፓትሪሺያ ሊንቪል በ1982 በዱክ ዩኒቨርሲቲ ስለ ውጤታቸው የሚጨነቁ የ1ኛ ዓመት ተማሪዎችን ሰበሰቡ። ለግማሾቹ «የመጀመሪያ ዓመት ውጤት ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፣ በኋላ ይሻሻላል» የሚል መረጃና የነባር ተማሪዎች ቪዲዮ አሳዩዋቸው። እስከ 2ኛ ዓመት መጨረሻ ይህን ካዩት ግቢውን የለቀቁት ከ20 አንድ ገደማ ነበሩ፤ ካላዩት ከ4 አንድ። ጥናቱ በጣም ትንሽ ነው፣ ለቁጥሩ አትስገድለት። ሐሳቡ ግን ይረባሃል። ከ30 9 «አልችልም» ማለት ብቻ አይደለም፤ «አዲስ ቦታ ነኝ» ማለትም ሊሆን ይችላል። ከዲፓርትመንትህ የመጀመሪያ ሚዱ የተበላሸበት አንድ የ3ኛ ዓመት ተማሪ ፈልግ፤ አይጠፋም። «አይዞህ» እንዲልህ አትጠይቀው። ከዚያ በኋላ አጠናኑን እንዴት እንደለወጠ ጠይቀው።

ቻርልስ ስናይደር የተባለ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ተስፋን ሲተነትን ግብ፣ መንገድና «እሄድበታለሁ» የሚል ጉልበት ብሎ ነበር። ግብ አለህ። የጎደለህ መንገድ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያዋጣህ ደብተር ደጋግሞ ማንበብ ከሆነ እሱ እዚህ ላያዋጣ ይችላል። ሮዲገርና ካርፒኬ በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ አንድ ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 42 በመቶውን አስታወሱ። አንዴ አንብበው ከዚያ ሳያዩ ያስታወሱትን የጻፉት ግን 56 በመቶውን። ስለዚህ አንድ ርዕስ አንብብ፣ ደብተሩን ዝጋ፣ ባዶ ወረቀት ላይ የቀረህን ጻፍ። መጀመሪያ ላይ ያበሳጫል፤ ምን ያህል እንደማታውቅ ያጋልጥሃልና። ደብተርን በቢጫ ማርከር እያቀለሙ ማንበብ ደስ የሚለው ይህን ስለማያጋልጥ ነው።

ጥያቄ፦ አባት ነኝ። በእኛ ጊዜ መምህሩ ይቆጣል፣ ይገርፋል፣ እኛም ተማርን። ይሄ ሁሉ ልጆቹን ማሞላቀቅ አይሆንም?

መልስ፦ ጋሼ፣ ተገርፈው የተማሩት ዛሬ ደብዳቤ ይጽፉልኛል። ተገርፈው ትምህርት የተዉት አይጽፉልኝም። ስለዚህ ቆጠራችን ከመጀመሪያው የተዛባ ነው።

ማሞላቀቅ ይጠፋል ማለቴ አይደለም። ሞልቷል። ሥራውን አቅልሎ «ጎበዝ» ማለት ማሞላቀቅ ነው። የ6ኛ ክፍሉን ልጅ አሳይመንት ሠርቶ መስጠትም እንዲሁ። ከላይ የጠቀስኳቸው ሁሉ ግን ከልጁ የሚጠብቁትን አልቀነሱም። እርስዎም አይቀንሱ። ስድቡን ብቻ ይቀንሱ።

ጥያቄ፦ ወንዱ ልጄ 10 ዓመቱ ነው። ማበረታታቱንም፣ በትንሽ በትንሹ ማሠራቱንም ሞክረናል። ታሪክ ሳነብለት ሁሉም ይገባዋል፤ ራሱ ሲያነብ ግን መስመር ይዘላል፣ ቃል ይገምታል፣ «ያመኛል» ይላል። መቼ ድረስ ልታገስ?

መልስ፦ አትታገሺ፤ ዛሬውኑ ጀምሪ። ተስፋና ጥረት መነጽር ለሚያስፈልገው ዓይን ምንም አያደርጉለትም። መጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሪ። ደህና ከሆኑ ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር መኖር አለመኖሩ በባለሙያ ይታይ። ይህ ከብልህነት ማነስ ጋር የሚገናኝ አይደለም፤ ችግሩ ያለባቸው ልጆች የፊደልና የድምፅን ግንኙነት ደረጃ በደረጃ በሚያስተምር ዘዴ ይታገዛሉ፣ በጊዜ ሲጀመር ደግሞ ይሻላል። እንቅልፉንም ተመልከቺ። ያመኛል የሚለው ትምህርት በሌለበት ቀንም ከሆነ ለሐኪም ንገሪ። መምህሩንም እስከዚያ ልጁን ክፍል ፊት ጮክ ብሎ እንዳያስነብበው ለምኚልኝ። ባለሙያው ዘንድ ስትሄዱ «ሳነብለት ይገባዋል፣ ራሱ ሲያነብ ይጠፋበታል» ያልሽኝን በዚሁ ቃል ንገሪው፤ ምርመራውን ከየት እንደሚጀምር ይጠቁመዋል።